የበርጩማዋ አራተኛ እግር

ጥቅምት 4 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለሚስማሬ፤

ሰላምታዬ ከአንቺ ተነሥቶ ቤቱን ሁሉ ይዙር፣ ጓሮ ያለችው ድመት ጋ ሲደርስ ይረፍ። እኔ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ላንቺ የጻፍኩት ሌላው ሰው ስላስመረረኝ ነው። ወንድሜ የሚመልስልኝ የቢሮ ሪፖርት ነው፤ «ቤተሰቡ በአጠቃላይ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ይለኛል። እናትሽ ደግሞ ሁለት መስመር ትጽፍና ቀሪውን ገጽ በ«ተመስገን» ትሞላዋለች። አንቺ ምላስሽ ስለማያርፍ ብዕርሽም አያርፍም ብዬ ነው። ስልክ በዚህ ቤት ለሠራተኛ አይፈቀድም። ፖስታዬን ከሕንፃው ሥር ያለው ባለሱቅ ይቀበልልኛል፤ ደግ ሰው ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የምጦራቸው አሮጊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይደርስም። ተንጠልጥሎ ይውልና አብጦ ያመሻል። አባዬ ለእናታችን ሠርቶላት የነበረችውን ዓይነት ትንሽ የእግር ማሳረፊያ በርጩማ ይሥራልኝ። ቁመቷን በክር ለክቼ ፖስታው ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ልኩ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ነው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ትልኩልኛላችሁ። እሱም እጁ ሥራ እንዳይፈታ።

እንዴት ነው አባዬ? አሁንም ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት የበሩን መጣመም ነው የሚናገረው?

አክስትሽ

*

ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው። ያልተጠቀሰ ሰው ካለም ደህና ነው።

እስከዚህ ድረስ ያስጻፉኝ ጋሼ ሊቀመንበር ናቸው። እሳቸው አንብበው ያጸደቁት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው። እማዬ «እርስዎ እያልሽ ጻፊ» ብላኝ ነበር። እርስዎ ካልኩሽ ግን መዋሸት ሊቀለኝ ነው፤ ስለዚህ አንቺ።

ወንድምሽ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሊቀመንበርነቱ ብሶባቸዋል። ቁርስ ላይ እንኳ «የዛሬው አጀንዳ ምንድን ነው?» ሳይሉ ዳቦ አይቆርሱም። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት ስብሰባ ጠሩ፤ ተሰብሳቢዎቹ እማዬ፣ እሳቸውና እኔ። በድምፅ ብልጫ የተወሰነው ይኸውልሽ፦ ስለ አባባ ጤና አንዲት ቃል እንዳልጽፍልሽ። «ምነው?» ብላቸው፣ «በሰው አገር ያለ ሰው ልቡ አይሰበርም። ደንግጣ ሥራዋን ጥላ ብትመጣ ተመልሳ መግቢያ የላትም» አሉኝ። እማዬ አቀርቅራ ቀሚሷን ታጥፍ ነበር። እጄን አስነሥተው አስማሉኝ።

ማልኩ። የማልኩት ግን ስለ ጤና ነው። ስለ እንጨት አልማልኩም።

ስለዚህ ስለ እንጨት ልንገርሽ። በርጩማሽን አባባ በአፋቸው እየሠሯት ነው፣ እጁ እኔ ነኝ። ወርክሾፑን ጋሼ ሊቀመንበር ለፀጉር አስተካካይ አከራይተውታል፤ ሰጋቱራ ይሸት የነበረው ቤት ዛሬ ሽቶ ሽቶ ይላል። የመሥሪያ ጠረጴዛውም ተሸጧል። የምንሠራው አባባ መኝታ ቤት፣ በአልጋቸውና በመስኮቱ መካከል ባለችው ቦታ ነው። ለምን እዚያ እንደሆነ አልጽፍም፤ ምያለሁ። አባባ ከትራሳቸው ላይ ሆነው በግራ እጃቸው ይጠቁሙኛል። ቀኝ እጃቸው ሥራ አልገባም። ይህ የጤና ጉዳይ ሳይሆን የሠራተኛ እጥረት ነው።

ለመቀመጫዋ ጥድ፣ ለእግሮቿ ወይራ አስመረጡኝ። መጋዙን ጨብጬ መግፋት ስጀምር ጮሁብኝ፦

«ኧረ እንጨቱ ምን አደረገሽ? አትጣዪው!»

«ታዲያ እንዴት ልቁረጠው አባባ?»

«መጋዙ የራሱ ክብደት አለው፣ እሱ ይሥራ። አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪው።»

«መንገዱ የት ነው?»

«መስመሩ ላይ ነዋ! ዓይን የተሰጠሽ ለማሾፍ ብቻ ነው?»

ሌላው ቃል ግማሹ አፋቸው ውስጥ ይቀራል፤ ስድቡ ግን ሙሉውን ይወጣል። የእኔ መጋዝ መስመሩን ይዞ በደንብ ይነሣና መሃል ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይሰደዳል። አባባ አይተው አይተው፣ «ይቺ አክስቷን ነው የወጣችው። የሷም መጋዝ ስደተኛ ነበር» አሉ።

መቼ ነው የምትመጪው? የምጠይቅሽ ለበርጩማዋ ብዬ ነው።

ሚስማርሽ

*

ታኅሣሥ 27 ቀን

ለሚስማሬ፤

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፣ ማስተዋሉንም አብሮ ይጨምርልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ፤ ቁጭ ብዬ የምጽፍበት ጊዜ አጣሁ።

ቀኝ እጁ ከመቼ ወዲህ ነው? መሐላሽን አፍርሺ አልልሽም። እንደፈለግሽ ጠምዝዢው፣ ብቻ መልሺልኝ።

ደግሞ በርጩማዋን ዝቅ አድርጉልኝ። አሮጊቷ ወንበር ቀይረዋል። አዲሱ ክር ይኸው፤ የፊተኛውን ጣሉት።

ስለ መምጣቱ ገና አልተነጋገርንም። እዚህ አንድ ነገር ለመጠየቅ ደግ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ለአባዬ «ቶሎ ነው» በይው።

አክስትሽ

*

ጥር 25 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምታውን ከኋላ ገጽ ላይ ጋሼ ሊቀመንበር ስለሚሰጡሽ እኔ በቀጥታ ወደ አናጢነቴ ልግባ።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ፦ መላጊያውን ግድግዳው ላይ ከሰቀልነው ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ነው፤ ያወረደው ሰው የለም። በቃ፣ ስለ መላጊያ ነው የጻፍኩት።

አዲሱን ክር ለአባባ ሰጠኋቸው። በግራ እጃቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፤ ከፊተኛው ጎን አስዘረጉኝና ደግመው አዩት። የፊተኛውን ጣሉት ብትዪም አባባ የሚጥሉት ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ የተጣመመ ሚስማር እንኳ አቃንተው ነው የሚያስቀምጡት።

«ይሄ የወንበር ልክ አይደለም» አሉ።

ጋሼ ሊቀመንበር ጣልቃ ገቡ፦ «አባባ፣ ክር ምን ጊዜም ክር ነው። ልኩ ተሻሽሏል ማለት ነው።»

«አንተ ዝም በል። ሃምሳ ዓመት ሰው ለክቻለሁ። እንዲህ ያለች አጭር በርጩማ የሚያሠራ ሰው መሬት ላይ የሚተኛ ነው። ልጄ ከነበረችበት ወርዳለች።»

እማዬ ሻይ ላፍላ ብላ ወጣች፤ ሻዩም እሷም ሳይመጡ ቀሩ።

እንግዲህ እግሮቹን እንደ አዲሱ ክር አሳጠርኳቸው። ሦስቱን ማለቴ ነው። አራተኛውን አባባ አላስነካ አሉ። ደንባቸውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ጋሼ ሊቀመንበር ግን የአናጢ ልጅ ሆነው ሳሉ ረስተውታል። አራተኛው እግር ረዘም ተደርጎ ይተዋል፣ የሚቆረጠው ባለቤቱ ቤት ነው፣ ባለቤቱ እግሩን አስቀምጦበት፣ በራሱ ወለል ላይ። አባባ ለዚህ ብለው ስንት ሰፈር መጋዝ ተሸክመው እንደዞሩ እማዬ ነግራኛለች። «ወለል ሁሉ ጠማማ ነው። ሰው ግን የራሱን ጠማማ ለምዶታል» ይላሉ።

የጎረቤታችን ልጅ በቅርቡ ወደ አንቺ ዘንድ ልትሄድ ነው። ጋሼ ሊቀመንበር «እንቁረጠውና ትያዝላት» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። አባባ ግራ እጃቸውን በርጩማዋ ላይ ጫኑባት።

«ወይ ወለሏ ይምጣ፣ ወይ እሷ ትምጣ» አሉ።

ወለል በፖስታ እንደማይመጣ ስለሚያውቁ የፈለጉት አንቺን ነው፤ እንግዲህ ይህን ለመረዳት ስብሰባ አያስፈልግም።

ሚስማርሽ

(ከጀርባው)

ውድ እህቴ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከላይ የተጠቀሰው በርጩማ ሥራ ሰባ አምስት በመቶ መጠናቀቁን እገልጻለሁ። የልጅቷን አጻጻፍ በተመለከተ ተገቢው ምክር ይሰጣታል። የቤተሰቡ አጠቃላይ ሁኔታ መልካም ነው። አንቺ ብቻ

(እትዬ፣ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጠው ወደ ጓሮ ወጡ። ድመቷን ሲቆጡ ሰማሁ፤ ድመቷ እኔ እግር ሥር ተኝታ ነበር።)

*

መጋቢት 19 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ።

አራተኛውን እግር እዚያው ቁረጡትና ለልጅቷ ስጧት። የዚህ አገር ወለል ሴራሚክ ነው፣ እንደ መስታወት የተስተካከለ። ማንኛውም ነገር ቢቀመጥበት አይነቃነቅም። አባዬ እንዳይቸገር ንገሪው።

ስለ መምጣት ደግመሽ አትጠይቂኝ።

አክስትሽ

*

ሚያዝያ 8 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምታ ዛሬ አልቋል፤ ሲገኝ እልክልሻለሁ።

ደብዳቤሽን ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሌላ ጊዜ ሳነብ «ደህና ነኝ ያለችበትን ድገሚው» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን አላስደገሙኝም። ሴራሚኩ ላይ ስደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንደዞሩ ተናገሩ፤ ቃሉ ስላልጠራልኝ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት።

«የተስተካከለ ወለል በዕድሜዬ አላየሁም። ልጄ ከዋሸችኝ ወለል የላትም ማለት ነው።»

የጎረቤታችን ልጅ ሄደች። በርጩማዋን አልያዘችም። አልጋቸው ጎን ቆማለች፤ በረዥሙ እግሯ ተገፍታ ዘመም ብላ፣ አንዱን አጭር እግሯን ከመሬት አንሥታ። ጋሼ ሊቀመንበር በገቡ በወጡ ቁጥር እየተደናቀፉባት ይራገማሉ፣ ግን አንሥተው ሌላ ቦታ አያስቀምጧትም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ትናንት የተሰቀለውን መላጊያ አውርጄ የመቀመጫዋን ጠርዝ ሳለሰልስ አንሸራተተኝና ላጥኩት። ትልቅ ጉዳት ነው፣ ዕውር እንኳ የሚያየው። አባባ ቁልጭ ቁልጭ እያሉ ያዩኝ ነበር። ስድቡን ጠበቅኩ። ጭራሽ «አባባ፣ ይኸው አበላሸሁት!» ብዬ አሳየኋቸው። ምንም አላሉኝም።

እትዬ፣ ስለ ጤና አልጻፍኩም። አልሰደቡኝም ነው ያልኩሽ።

እማዬ ማጀት ገብታ ታለቅሳለች፤ ሽንኩርት ነው ትላለች፤ ሽንኩርት ግን ካለቀብን ሰንብቷል። እዚህ ቤት ሁሉም አዋቂ ስለ ሁሉም ነገር ይዋሻል፣ የሚያስምሉት ግን እኔን ነው። አሁን ተራው የእኔ ነው፣ ልጠይቅሽ፦ ወለልሽ የት ነው? ሊቀመንበሩ የሚያጸድቁት ዓይነት መልስ እንዳትልኪልኝ።

ሚስማር

*

ግንቦት 21 ቀን

ሚስማሬ፤

እውነትሽን ነው፤ ሰላምታ ይቅር።

አሮጊቷ የሞቱት ያንቺ የመጀመሪያ ደብዳቤ በደረሰኝ ሰሞን ነው። የመጀመሪያው ክር የእሳቸው ነበር። ሁለተኛው የእኔ ነው። አባዬ ልክ ነው፣ ወርጃለሁ። ከአሥረኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት። የአሮጊቷ ልጅ ቁም ሣጥኑን፣ ምንጣፉንና እኔን አንድ ላይ ለእኅቱ ሰጣት። ፓስፖርቴ እሱ ጋ ነው። በጠየቅኩት ቁጥር «የት እንደገባ እፈልገዋለሁ» ይለኛል፤ ሲለኝ ይስቃል። መምጣት አልፈለገችም እንዳትሉ።

የምተኛው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፣ በማጠቢያ ማሽኑና በግድግዳው መካከል፣ ፍራሽ ላይ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምተኩስ እግሬ ያብጣል። በርጩማዋን ፍራሹ ግርጌ አድርጌ እግሬን ልሰቅልባት ነበር። ወለሉ ሴራሚክ መሆኑ እውነት ነው። ሌላው ውሸት ነው። ውሃው ወደ ፍሳሹ እንዲሄድ ተብሎ ከበሩ ወደ ማዶው ግድግዳ ያዘቀዝቃል፤ የወደቀ ሳሙና ራሱ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

በሩ ከውስጥ ቁልፍ የለውም። ማታ ማታ ባልዲ አስደግፋለሁ፤ ባልዲው ግን በር አይዝም፣ ጮሆ መቀስቀስ ብቻ ነው። የእኅቲቱ ባል አንዳንድ ቀን መንገድ የተሳሳተ መስሎ ይመጣል። እስካሁን ባልዲው ሲጮህ ይመለሳል። ይህን ለእናትሽ አትንገሪ።

ለአባዬ ግን የወለሉን ነገር ንገሪው። ከበሩ እስከ ፍሳሹ ሁለት ጣት ይወርዳል በይው። አሁን እውነቱን ነው፣ ለክቼዋለሁ። በዚያ ልክ ይቁረጥልኝ።

ልጁ እንደሆንኩ ንገሪው። እሱስ ያውቃል። ብቻ ንገሪው።

አክስትሽ

*

ሰኔ 20 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስብሰባ ነበር። አሁንም በድምፅ ብልጫ። ጋሼ ሊቀመንበር ስብሰባውን ከፍተው መዝጋት አቃታቸው፤ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ተቀመጡ። እማዬ ናት «በቃ፣ እንደ ወትሮው ትጻፍ» ያለችው። መሐላዬ እንደጸና ነው።

ስለዚህ ስለ በርጩማዋ።

ደብዳቤሽ የደረሰው ዓርብ ነው። አራተኛው እግር የተቆረጠው ሁለት ቀን ቀድሞ፣ ረቡዕ ነው። የወለልሽን ሁለት ጣት ለአባባ አልነገርኳቸውም። ዓርብ ዕለት የምነግረው ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት አባባ በግራ እጃቸው ጠሩኝና እግራቸውን አሳዩኝ፤ ከዚያ በርጩማዋን። ገባኝ፣ ግን ያልገባኝ መሰልኩ። ደግመው አሳዩኝ። እማዬና ጋሼ ሊቀመንበር ብብታቸውን ይዘው አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጧቸው፣ እኔ እግራቸውን አንሥቼ በርጩማዋ ላይ አኖርኩት። እግራቸው እንዴት ቀልሏል መሰለሽ። በርጩማዋ ዘመመች።

«ቁረጪ» አሉ። ይህኛው ቃል ጠርቶ ነው የወጣው።

«አባባ፣ የእትዬ ናት እኮ! ባለቤቱ ሳይኖር...»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና የራሳቸውን እግር በጣታቸው መቱት። ባለቤቱ አለ ማለታቸው ነው። ጋሼ ሊቀመንበር ያን ጊዜ ነው ደንቡ ትዝ ያላቸው፤ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

መስመሩን አሰመርኩ። አልተጣላሁትም፤ መጋዙን ለክብደቱ ተውኩት፣ መንገዱን አሳየሁት። መሃል ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ተሰደደ። ቁራጩ አንድ ጎኑ ወፍራም፣ አንድ ጎኑ ስስ ሆኖ ወደቀ። አንሥቼ ብሰጣቸው በመዳፋቸው አገላብጠው አዩትና፣

«ይሄ ቁራጭ ነው ወይስ ያንቺ ምላስ?» አሉኝ።

ተሰደብኩ፣ እትዬ! ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ ስድብ። ሳቅኩ፣ እማዬም ሳቀች። የበርጩማዋን እግር የተጣመመ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኩ ልኩን አስያዝኩት፤ ከዚያ እግራቸውን መልሰን ስናኖር በርጩማዋ አልተነቃነቀችም። ጣታቸውን አንድ ሁለቴ ጫን ጫን አድርገው ሞከሯት። እንደዚያው፣ እግራቸውን እንዳኖሩ፣ ትራሱን ደገፍ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ስለ ጤና ነው። ስለ ጤና አልጽፍም።

ሐሙስ ዕለት ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር፤ ወንበር ከጎረቤት ተዋስን። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። በርጩማዋ ላይ ማንም እንዲቀመጥ አልፈቀድኩም።

ቁራጩን ፖስታው ውስጥ ከትቼልሻለሁ። አባባ ይጥሉት ነበር እንዳልልሽ፣ ምንም አይጥሉም።

ሚስማርሽ

*

ሐምሌ 29 ቀን

ሚስማሬ፤

ቁራጩ ደረሰኝ። መሐላሽን ጠብቀሻል፣ ማንም አይወቅስሽም። የትኛው ሰዓት እንደነበር አትጻፊልኝ፤ ረቡዕ መሆኑ ይበቃኛል። ያን ቀን የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ነበር።

እንጨቱን አሸተትኩት። ወይራው አለ፣ ትንሽ ደግሞ የእሱ እጅ አለ። ወይም እኔ ነኝ የፈለግኩት።

አቆራረጥሽ በጣም መጥፎ ነው። አባዬ እውነቱን ነው፣ እንደ እኔ ነሽ። ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ቢሆን ለምንም አይሆነኝም ነበር። ስሱን ጎን ከውስጥ በክፍሌ በር ሥር አስገብቼ በጫማዬ መታሁት። ወለሉ በማዘቅዘቁ ከበሩ ሥር የቀረውን ክፍተት ልክ ሞላው፤ የለካው ሰው ያለ ይመስላል።

ለወንድሜ ደህና ናት በይልኝ። እሱም እንደኛ መስማት የሚችለውን ያህል ይስማ። ፓስፖርቴን ለማስመለስ ባለሱቁ አንድ የሚያውቀው ሰው አለ፤ ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ ስለማላውቀው አልጽፍም።

በርጩማዋን እዚያው ተዪልኝ፣ እሱ ባኖራት ቦታ።

ትናንት ማታ ባልዲውን አላስደገፍኩም። የበሩ እጀታ ሁለቴ ዞረ፤ በሩ አልተከፈተም።

አክስትሽ